የተሸነፈ ይነሳል

ኅዳር 3

ጠዋት፦ ከፊት ሱቅ አንድ ደርዘን የሻይ ብርጭቆ፣ አንድ ፔርሙስ፣ ክዳኑ የጠፋበት ሰታቴ በቅናሽ ወጣ። ከኋላው ክፍል፣ ከጌም ቤቴ፦ ኳሱ ጋ ወንበር ሞልቷል፤ ተኩሱ ጋ ሞልቶ ቆሞ የሚጠብቅም አለ። ጥሩ ቀን ነው ብዬ ልጽፍ ስል አከራዬ ከፎቅ ወረደች።

አከራዬ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነች። ዛሬም ምጥ ላይ ያለች ሴት የምታጽናና ይመስል ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

"የኋላው ክፍል ውል መጋቢት መጨረሻ ላይ ያልቃል። ተኩሱ ካልቆመ አላድስልሽም" አለችኝ።

"ድምፁን እቀንሳለሁ እትዬ።"

"ቀንሰሽው አይደል እንዴ የሚሰማው? ወንድሜ ትናንትም ግቢ ውስጥ ቆሞ ዋለ።"

ወንድሟን ሾፌሩ ነው የምንለው። በጦርነቱ ጊዜ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። መኝታ ቤቱ ከኋላው ክፍሌ በላይ ነው። ተኩሱ ሲጀምር ደረጃውን ወርዶ ግቢው መሃል ይቆማል፤ ሲያበቃ ተመልሶ ይወጣል። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። "እንደምን ዋሉ ጋሼ?" ስለው "እግዜር ይመስገን፤ ገበያ እንዴት ነው?" ይለኛል። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ያልሞከርኩት የለም። ማዳመጫ ገዝቼ ጆሯቸው ላይ ደፋሁላቸው። ተኩሱ ዝም አለ፤ እነሱ ግን የገዛ ድምፃቸው ስለማይሰማቸው "ከኋላህ ነው! ግደለው! በለው!" እያሉ ሰፈሩን አነሱት። ያን ቀን ሾፌሩ ከወትሮው ፈጥኖ ወረደ። ቀጥሎ ሁሉንም ስክሪን ኳስ አደረግሁት። የተኩሱ ሰዎች ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ጌም ቤት ተሻገሩና ወንበሮቼ ባዶ ቀሩ። ተኩሱን ስመልስ ተመለሱ፤ ሾፌሩም ወደ ግቢው ተመለሰ።

የኋላው ክፍል ከሄደ የፊቱ ሱቅ ብቻውን አያቆመኝም። ዘንድሮ ሰው ብርጭቆ የሚገዛው ሲሰበርበት ብቻ ነው።

ጆሮ ለምንለው ልጅ ልጽፍለት ነው። ጆሮ የእናቴ አክስት የልጅ ልጅ ነው፤ ዝምድናችንን ለሰው ለማስረዳት እርሳስና ወረቀት ያስፈልጋል። አክስቴ ነው የሚለኝ። ተማሪ ሳለ ከሱቄ ጀርባ ካለው ዕቃ ቤት፣ በካርቶኖች መሃል ይተኛ ነበር። አሁን ባሕር ማዶ ጌም በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው። የምልክለትን ገልብጬ፣ የሚልክልኝን በደረሰኝ ቀን ለጥፌ እዚሁ አስቀምጣለሁ።

ኅዳር 4

ለጆሮ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስህ ሰውነትህ ጤነኛ፣ ቤትህ ሙቅ፣ አለቃህ ደግሞ ዝምተኛ ሆኖ ያግኝህ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይለግማል እንጂ ምላሴ እንደምታውቀው ነው።

የምጽፍልህ ለጉዳይ ነው። የተኩስ ጌም ውስጥ ያለውን ድምፅ የምሠራው እኔ ነኝ ብለህ ነግረኸኝ ነበር። እንግዲያው የአከራዬ ወንድም፣ ሾፌሩ፣ ከአልጋው የሚነሳው በአንተ እጅ ነው ማለት ነው። አልተቀየምኩህም። አንተ ትሠራዋለህ፣ እኔ እሸጠዋለሁ፤ ሁለታችንም እንበላበታለን። ነገር ግን ሰውየው የእውነተኛውን አይቶ የመጣ ሰው ነው። እኅቱ ደግሞ ተኩሱ ካልቆመ ከመጋቢት በኋላ ክፍሉን ልትወስድብኝ ነው፤ እውነቷን ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሳይገድል የሚሸጥ ጌም አለ ወይ? ኳስ እንዳትለኝ፤ ኳስ አለኝ። የኳስና የተኩስ ሰው አንድ አይደለም። ሥነ ምግባር የሚያስተምር ጌምም እንዳትልክልኝ፤ እሱን ትምህርት ቤቶች ይግዙት። እኔ የምፈልገው ሰው ከሥራ ደክሞ ሲመጣ "አንድ ዙር ብቻ" ብሎ ገብቶ፣ ሚስቱ እስክትደውልለት ድረስ የማይወጣበትን ነው።

በስልክ አትመልስልኝ። በስልክ የሰማሁት ነገር ደንበኛ ሲገባ ይጠፋብኛል።

ካርቶን ላይ ያሳደገህ ጌታ እዚያም ከጎንህ አይለይ።

አክስትህ

ኅዳር 25

ለተከበሩ አክስቴ፣

ገበያዎ አይጥፋ። ብርጭቆዎ አይሰበር፤ የግድ ከሆነም ደንበኛው ቤት ከገባ በኋላ ይሰበር። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሥራ ቦታ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ እንዳለ ነው። ጠመንጃ ሲቀባበል የሚሰማውን ድምፅ እያስተካከልኩ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ማሽኑን አጠፋሁት። አዩ አክስቴ፣ ድምፅ ስሠራ ሁልጊዜ የሚታየኝ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተጫዋች ነው። ከተጫዋቹ በላይ ፎቅ፣ ፎቁ ላይም ሰው ሊኖር እንደሚችል አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

ጥያቄዎን ለአለቃዬ አቀረብኩለት። ሳንድዊቹን እየበላ እንዲህ አለኝ። "አለ፤ ሞልቷል። ግን ተኩስ ቀላል ነው። ሰው አዝራር ሲጫን ወዲያው አንድ ነገር እንዲሆንለት ይፈልጋል። ተኩስ ወዲያው ይሆናል፤ ይጮኻል፣ አንድ ነገር ይወድቃል፣ ማን እንዳሸነፈ ይታወቃል። ሌላውን ለመሥራት ማሰብ ያስፈልጋል። ለማሰብ ደግሞ ጊዜ ማን ሰጠን?" ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚቸኩል ሰው ነው።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ግን በእረፍት ቀናችን አንድ ነገር ስንሠራ ከርመናል። አባቴ የአውቶቡስ ረዳት እንደነበር ያስታውሳሉ። ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ወጥቶ ፍራሹን፣ በርሜሉን፣ ቁምሳጥኑን ሲደራርብ ከታች ሆኜ አየው ነበር። ጌማችን ይኸው ነው። ተጫዋቹ የመንገደኛውን ዕቃ ይጭናል፣ ያስራል፣ ሸራ ያለብሳል። ማንም አይሞትም፤ ማንም አይቸኩልም። ሙዚቃው ለስላሳ ነው። በኢንተርኔት ልኬልዎታለሁ፤ የተኩሱ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል።

አክስቴ፣ እንጀራዬን ያገኘሁት በእርስዎ ቤት ነው። አዲስ ካርቶን ሲመጣ ብርጭቆውን በጥፍርዎ ነካ እያደረጉ "ይህ ደህና ነው፤ ይህ ተሰንጥቋል" ሲሉ አጠገብዎ ቆሜ እሰማ ነበር። ድምፅ ውስጥ ስንጥቅ እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው። ይህን ነግሬዎት አላውቅም፤ ይኸው ነገርኩዎት።

የእርስዎው ጆሮ

ታኅሣሥ 1

ለጆሮ፣

ሰላምህ ይብዛ፤ ብርድ ልብስህ ይወፍር።

መጀመሪያ ይህን "እርስዎ" የሚሉትን ነገር ተውልኝ። ባነበብኩት ቁጥር ጥርሴ የሚረግፍ ይመስለኛል። ካርቶን ላይ ስትተኛ አንቺ ነበር የምትለኝ፤ ባሕር ስትሻገር ምን ነካህ?

ስለ ብርጭቆው የጻፍከውን ሁለቴ አንብቤዋለሁ። እኔ ደግሞ በማንኪያ እየመታህ ደንበኛ ስታባርርብኝ ብቻ ነበር ትዝ የሚለኝ። አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ንግዱ። እንደ ዘመድ ሳይሆን እንደ ነጋዴ ልንገርህ፤ እንደ ዘመድ ብነግርህ እዋሽሃለሁ።

ጌምህን ከፈትኩት። ከአጠገባችን ያለውን ፀጉር አስተካካይ አስቀመጥኩት። አንድ ፍራሽ ጫነ፣ አንድ በርሜል ጫነ፣ ዞሮ አየኝና "አሁን ምን ላድርግ?" አለኝ። "እሰረው" አልኩት። አሰረው። "ከዚያስ?" "ሌላ ጫን።" ምላጩን ረሳሁ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። ከመጋዘኑ የሚመጣው ወዛደር ደግሞ "እትዬ፣ ቀኑን ሙሉ ስጭን ውዬ፣ ልጭን ብዬ ልክፈልሽ?" አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በአንተ ጌም የሳቁት ያኔ ብቻ ነው።

የወደደችው አንዲት ልብስ ሰፊ ነች። ወንድሟን ልትጠራ መጥታ ተቀመጠች። ቁምሳጥኑን ከፍራሹ፣ ፍራሹን ከጆንያው እያስማማች ከሰዓቱን በሙሉ አልነሳ አለች። ሌላው ጠብቆ ጠብቆ "ተነሽ" ሲላት "ለምን እነሳለሁ? ተሸነፍኩ?" አለች። የቤቴን ሕግ ታውቃለህ፤ የተሸነፈ ይነሳል። በዚያ ሕግ ነው ወንበሬ የሚዞረው፤ በዚያ ሕግ ነው እኔ የምኖረው። በአንተ ጌም የሚሸነፍ የለም፤ ስለዚህ የሚነሳ የለም።

ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ኳስ ደም የለውም፣ ግን ይሸጣል። ለምን? ገብቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጎል ሲገባ ስክሪኑን የሚያይ የለም። ሁሉም የተሸነፈውን ሰው ፊት ነው የሚያየው። ተኩሱም ጋ እንዲሁ ነው። ጆሮ፣ ሰዎቼ የሚመጡት ለመግደል አይደለም፤ ጎረቤታቸውን ለማብሸቅ ነው። አንተ ጥይቱን ስታወጣ ፀቡንም አብረህ አወጣኸው። ጥይቱ እዚያው ይቅር፤ ፀቡን መልስልኝ።

ሙዚቃው ሾፌሩን አላስወረደውም፤ እሱን አመሰግናለሁ። ደንበኞቼን ግን አስተኝቷቸዋል።

ሥራህን እንዳትለቅ። ይህን የምለው ሳትጠይቀኝ ነው።

አክስትህ

ጥር 10

ጠዋት፦ ሁለት ትሪ፣ አንድ የስኳር ዕቃ። የኋላው ክፍል ኳሱ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ተኩሱን ዘግቼዋለሁ፤ ወር ሙሉ የአንዱ ኮምፒውተር ወንበር ላይ ድመቷ ስትተኛ ከረመች። ከድልድዩ ማዶ ያለው የጌም ቤቱ ባለቤት ባገኘኝ ቁጥር እጅግ በትሕትና ሰላም ይለኛል፤ ደንበኞቼን ስለወሰደ ይሆናል።

ከጆሮ መልስ የለም። የጻፍኩትን ቅጂ ደግሜ አነበብኩት። አንድም የምሰርዘው ቃል አላገኘሁም፤ ሁለት ሦስት ቃል ግን ማለስለስ እችል ነበር።

አከራዬ ዛሬ በበሩ ስታልፍ ቆም ብላ ባዶውን ወንበር አየችና ወደ ፎቅ ወጣች። ክፍሉን ለሌላ ሰው ልታከራይ እያሰበች እንደሆነ ግን ፊቷ ላይ አላየሁም። ያዘነች ነው የምትመስለው።

ጥር 14

ለአክስቴ፣

አንቺዬ፣ ደረጃሽ አጭር፣ ደንበኛሽ ረጅም ተራ የሚጠብቅ ይሁን።

ዝም ስላልኩ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ከፋኝ። ለጓደኞቼ ሳላሳያቸው ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። "አክስቴ ጌም ምን ታውቃለች?" አልኩ። በኋላ ግን አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሁለት አዛውንት ቼዝ ሲጫወቱ አየሁ። አንደኛው ሲሸነፍ ያ ያሸነፈው እንዴት እንደሳቀበት ብታዪ! ወርጄ ቀጥታ ጓደኞቼ ጋ ሄድኩና ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አሁን "ፀቡን መልስልኝ" የሚለው ተጽፎ ከሥራ ጠረጴዛችን በላይ ተለጥፏል።

ጌሙን አፍርሰን ሠራነው። አሁን ሁለት ረዳቶች አንድ ጣሪያ ላይ ናቸው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ሁሉም የየራሱን መንገደኛ ዕቃ ይጭናል፤ ቦታው ግን ለሁለት አይበቃም። ፍራሽሽን ዘርግተሽ የሌላውን ቦታ መያዝ ትችያለሽ። በርሜልሽን ከሱ ቁምሳጥን ላይ ማስደገፍ ትችያለሽ። የአውቶቡሱ ሾፌር ክላክስ ያደርጋል፤ አውቶቡሱ ይነሳል፤ መንገዱ ይጠማዘዛል። ዕቃው ቀድሞ የወደቀበት ተሸነፈ። መንገደኛውም በመስኮት ብቅ ብሎ ይጮኽበታል። አጭር ነው፤ አንቺ ቡና ቀድተሽ ሳትጨርሺ ያልቃል። የተሸነፈ ይነሳል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የቤትሽን ጫጫታ በስልክሽ ቅጂልኝ። ሰው ሲበሽቅ፣ ሲያላግጥ፣ "ተነስ!" ሲል። እዚህ ተዋናይ ቀጥረን ሞከርነው፤ ከልቡ ማናደድ አልቻለም።

ስለ ሥራዬ ያልሽውን አንብቤዋለሁ።

ጆሮሽ

ጥር 21

ለጆሮ፣

ጤናህን ያብዛው፤ ጓደኞችህንም ስላላወቅኋቸው በስማቸው ባልጠራቸውም አመስግንልኝ።

ልጄ፣ ተሳክቶላችኋል። ፀጉር አስተካካዩና ወዛደሩ ገጠሙ። የተባባሉትን እንደሰማሁት ልጻፍልህ።

"ፍራሽህን ከእኔ በኩል አንሳ!"

"ፍራሹ ደክሞት ነው የተጋደመው፤ ምን አድርግ ነው የምትለው?"

"ቁምሳጥኔ ተንገዳገደ! አንተ ሰውዬ በርሜሉን አትግፋው!"

"እኔ አልነካሁትም፤ መንገዱ ነው። አያያዝ የማያውቅ ሰው ፀጉር ይቁረጥ!"

ክላክሱ ጮኸ። አውቶቡሱ ጥምዝ ላይ ሲደርስ የፀጉር አስተካካዩ ቁምሳጥን ቀስ ብሎ አዘነበለና ከነመስታወቱ ወረደ። ቤቱ በአንድ አፍ "ተነስ!" አለ። ከኳሱ በኩል የነበሩት ጌማቸውን አቁመው መጡ። "አሁን ተራው የማን ነው?" ሲባል ሦስት ሰው በአንዴ እጁን አነሳ። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ሁሉንም አስነሳቻቸው፤ ጨርቅ ስትቆርጥ እንኳ ቦታ አታባክንም አሉ። ድምፁን ቀድቼ ልኬልሃለሁ። "ተነስ!" ብሎ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ብዙ ስለሚነሳ ቂም አለበት።

አሁን ደግሞ የማትወደውን ልንገርህ። ተኩስ የለውም ብዬ ድምፁን ከፍ አድርጌው ነበር። ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን ከበላዬ የበር ድምፅ፣ ከዚያ የደረጃውን ኮቴ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ ሾፌሩ ግቢው መሃል ቆሟል።

"ጋሼ፣ ጎማ ነው" አልኩት። "የጌም ጎማ።"

"አውቃለሁ" አለኝ። አውቃለሁ ብሎም እዚያው ቆሞ ቀረ። ትከሻውን ሳይ ማወቁ እንዳልጠቀመው ገባኝ።

ድምፁን ዘጋሁት። ያለ ድምፅ ደግሞ ጌሙ ግማሽ ነው። አከራዬ ከላይ በመስኮት እያየችን ነበር። ያቺን ፍንዳታ አውጣልኝ፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይሁን። መጋቢት ሩቅ አይደለም።

አክስትህ

የካቲት 14

ለአክስቴ፣

ለቤትሽ ሰላም፣ ለግቢሽም ሰላም፤ በተለይ ለግቢሽ።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ቆሜ ነው። የጎማውን ፍንዳታ ከየት እንዳመጣሁት ታውቂያለሽ? ሥራ ቦታ ከሰበሰብኩት የጠመንጃ ድምፅ ቆርጬ ነው ያስገባሁት። ትልቅ ድምፅ አስፈለገኝ፤ ቸኩዬም ነበር፤ እጄ ራሱ ወደዚያ ሄደ። አለቃዬ "ተኩስ ቀላል ነው" ያለኝ ይህንን ነው ለካ። ያለ ጠመንጃ ጌም ልሥራ ብዬ ተነስቼ፣ ጠመንጃውን ጎማ አልብሼ ቤትሽ አስገባሁት። ሾፌሩ በጆሮው አውቆብኛል። ስንጥቅ መስማት ያስተማርሺኝ እኔ ግን አልሰማሁትም።

አውጥቼዋለሁ። አሁን ጎማው አይፈነዳም፤ ይተነፍሳል። ጓደኛዬ የብስክሌቱን ጎማ ቫልቭ ከፍቶልኝ ቀዳሁት፤ ረጅም "ፍስስስ" ነው። አውቶቡሱ በአንድ በኩል ቀስ እያለ ያዘነብላል፤ ዕቃው ሁሉ መንሸራተት ይጀምራል፤ ተጫዋቾቹም እያዩት ምንም ማድረግ አይችሉም። ብታምኚም ባታምኚም ከፍንዳታው ይልቅ ያስጮኻል። የተሻለውን ነገር ሳልፈልገው ልቀር ነበር፤ ስለዚህ አመስግኝልኝ ጋሼን፤ መንገር የሚከብድሽ ከሆነ ዝም ብለሽ ሰላም በይልኝ።

የፀጉር አስተካካዩን "ተነስ!" ጌሙ ውስጥ አስገብተነዋል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጌሙ ለሽያጭ ወጥቷል። እውነቱን ልንገርሽ፤ እንደ ተኩሱ አይሸጥም፤ አጠገቡም አይደርስም። ነገር ግን አንድ የገዛ ሰው ሌላ ሰው ይዞ ይመጣል፤ ብቻውን የሚጫወተው የለም። ሁለተኛውን ጌም ለመሥራት ይበቃናል።

ሥራዬን አልለቀቅኩም። አለቃዬን ግን "ከጠመንጃው ክፍል አውጣኝ" አልኩት። ደረጃዬ ዝቅ ብሏል። አሁን የምሠራው የዝናብ፣ የበርና የእግር ኮቴ ድምፅ ነው። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። እንዳትቆጪኝ።

ጆሮሽ

የካቲት 22

ለጆሮ፣

የሠራኸው በር ሁሉ ወደ መልካም ቦታ ይከፈት።

አልቆጣህም። ዝናብም የሚሠራው ሰው ይፈልጋል።

ለፀጉር አስተካካዩ ድምፁ በየአገሩ እንደሚሰማ ነግሬው ጸጉር ቤቱ በር ላይ ሊያጽፈው ነው። "በዓለም ላይ ሰው የማስነሳው እኔ ነኝ" እያለ አስቸግሮናል። ልብስ ሰፊዋ "በዓለም ላይ ከሁሉ ብዙ የሚነሳውም አንተ ነህ" ብላ አሳረፈችው።

አሁን የምነግርህን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ትናንት ከሰዓት ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጎማው ተንፍሶ፣ አውቶቡሱ አዘንብሎ፣ ሰው ሁሉ "ያዘው! ያዘው! ሄደ! ሄደ!" እያለ ይጮኻል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የደረጃውን ድምፅ ሰማሁ። ወደ ግቢው በር ሄድኩ። ግቢው ባዶ ነው። ዞር ስል ሾፌሩ ከክፍሉ በር ላይ ቆሟል፤ ካፖርቱን ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ።

"ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቃችሁ?" አለ።

ልብስ ሰፊዋ ናት የመለሰችው። "ጭነት ነው ጋሼ። ይምጡ፤ እዚህ ይቀመጡ፤ ተራዬን ልስጥዎት።"

"ተራ አልወስድም" አለና ግድግዳውን ተደግፎ ጠበቀ። ተራው ሲደርስ ከወዛደሩ ጋር ገጠመ። ጆይስቲኩን መሪ እንደሚይዝ ሰው ጠበቅ አድርጎ ያዘው። ቁምሳጥኑን ከታች፣ ፍራሹን ከላይ አደረገ፤ በደንብ እያሰረ ሳለ ክላክሱ ጮኸ። በክላክሱ ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ። ከዚያ ጎማው "ፍስስስ" አለ። እኔ የማየው እሱን ነው እንጂ ስክሪኑን አይደለም። ትከሻው አልተነሳም። "ኧረ! ኧረ! ፍሬን ያዝ አንተ ሰውዬ!" እያለ የጌሙን ሾፌር ይቆጣዋል። ፍራሹ ሄደ፤ ቁምሳጥኑ ተከተለው።

ከስክሪኑ ውስጥ ያ የፀጉር አስተካካዩ ድምፅ "ተነስ!" ብሎ ጮኸበት።

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱ አመድ መሰለ። "እኔ አይደለሁም ጋሼ! በእናቴ ማሽኑ ነው! ተቀድቼ ነው!" አለ። ወዛደሩም ከወንበሩ ብድግ ብሎ "ይቀመጡ ጋሼ፣ ግድ የለም፣ እኔ እነሳለሁ" አለ። አየህ ጆሮ፣ ሁላችንም ያን ሰው እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ነው የምንይዘው፤ ማንም ጥፍሩን አሳርፎበት አያውቅም።

እሱ የወዛደሩን ትከሻ ጫን አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረ። "አንተ፣ እዚያ ውስጥ እንዲህ ደፋር ነህ፣ እዚህ ምን ሆንክ? የቤቱ ሕግ ምንድን ነው?"

"የተሸነፈ ይነሳል።"

"እና? እንደ ሁሉም ሰው በለኝ እንጂ!"

ፀጉር አስተካካዩ እኔን አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት። ጉሮሮውን ጠረገና እንደ ልማዱ ጣሪያው እስኪሰነጠቅ "ተነስ!" አለ።

ሾፌሩ ተነሳ። እየሳቀ ነበር የተነሳው ጆሮ፤ ሲስቅ አይቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ ሲያስለው መስሎኝ ነበር። ሄዶ ከተራው መጨረሻ ቆመና ከፊቱ ያለውን "ቶሎ ተሸነፍ" አለው።

አከራዬ ዛሬ ጠዋት መጣች። ውሉን ይዛ ነው የመጣችው። "አደስኩልሽ" አለችኝ። ከዚያ በዚያች የዝግታ አነጋገሯ "ትናንት ራት ላይ 'ያቺ ልብስ ሰፊ አጭበርባሪ ናት' እያለ አላስበላ አለኝ" አለች። ላመሰግናት አፌን ስከፍት እሷ ቀድማ አመሰገነችኝ። እኔ ደግሞ ምስጋናው የማን እንደሆነ ስለማውቅ ሳልነካው ወደ አንተ እልከዋለሁ። ለጓደኞችህም አካፍላቸው።

ለጥያቄዬ መልሱን አንተ አልነገርከኝም፤ እኔው ልንገርህ። ያለ ግድያ ይሸጣል ወይ? ይሸጣል። ከተኩሱ ሰዎች ግን እኩሌቶቹ ከድልድዩ ማዶ እንደቀሩ ናቸው፤ ይመለሳሉም አልልም። በእነሱ ቦታ በፊት ገብተው የማያውቁ ሰዎች መጥተዋል። ከነዚህ አንዱ ከፎቅ ነው የወረደው።

ሁለተኛውን ጌም ስትሠሩ ቀድመህ ለእኔ ላከው። አሁንም እንደ ነጋዴ ነው የምነግርህ። ከዚያ በኋላ እንደ ዘመድ።

አክስትህ

የካቲት 23

ጠዋት፦ ከፊት ሱቅ ግማሽ ደርዘን ብርጭቆ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ። ብርጭቆውን ሳስረክብ አንድ በአንድ በጥፍሬ ነካሁት፤ ሁሉም ደህና ነው። ከኋላው ክፍል፦ ኳሱ ሞልቷል፤ ጭነቱ ሞልቷል፤ የሚጠብቁት ቆመው እግራቸው አልቋል። ድመቷ ሌላ ቦታ ፈልጋለች። ለጆሮ የጻፍኩትን ፖስታ ቤት አድርሻለሁ።

ነገ፦ ከአናጢው ረጅሙን አግዳሚ ወንበር ማምጣት። በታክሲ ጣሪያ ላይ ነው የሚመጣው። የፎቁ ሾፌራችን "እኔ እጭነዋለሁ" ብሏል። ገመድ መያዝ።